የድልድዮችን እግር ከባሕር ያስጣሉት የኢንጂነር ታዴዎስ ገብረ ክርስቶስ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ታዴዎስ ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም. በአሰብ ከተማ፣ የመርከቦቹ መብራት ከቤት ደጃፍ በሚታይበት ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ገብረ ክርስቶስ ሀብተማርያም በወደቡ ጥገና ክፍል የብየዳ ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ወ/ሮ ተናኜ ይመር ደሴ ላይ 12ኛ ክፍልን አጠናቀው በወደቡ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ይሠሩ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጁትም እናታቸው ናቸው። የወለዱትን ልጅ አንቱ ብሎ መጻፍ እጅን ይከብዳል። ነገር ግን ታዴዎስ የሁለት ልጆች አባትና የብዙ ሰው አለኝታ ነበሩና፣ በሕዝብ ፊት የሚነበበው እንደ ወጉ እንዲሆን ተደርጓል።

አሰብ ላይ ባሕሩ ይሸሻል፣ ተመልሶም ይመጣል። ሕፃኑ ታዴዎስ ውኃው ሲሸሽ ጠብቀው በእርጥቡ አሸዋ ላይ መሮጥ ይወዱ ነበር። እናታቸው ግን ባሕሩን ከመጀመሪያውም አላመኑትም፤ ከሥራ ሲመለሱ ልጁን ቤት ካላገኙ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ወደ ዳርቻው ይሮጡ ነበር። አባታቸው ይስቁባቸዋል። «ተይው ተናኜ፤ ባሕር የሚወስደው የማያውቀውን ነው» ይሏቸዋል። እናታቸውም «የሚያውቀውንም ይወስዳል» ብለው ይመልሱ ነበር። አቶ ገብረ ክርስቶስ ልጃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ወደቡ ምሰሶዎች እየወሰዱ ብረቱን በጣታቸው ያሳዩአቸው ነበር። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ያለው ብረት ይቆያል፣ ሁልጊዜ ደረቅ ላይ ያለውም ይቆያል፤ ቶሎ የሚበላው ውኃው የሚመላለስበት ነው ይሏቸዋል። ኢንጂነር ታዴዎስ የሥራዬ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው እያሉ እስከ መጨረሻው ሲናገሩ ኖረዋል።

በ1983 ዓ.ም. ቤተሰቡ ከአሰብ ወጥቶ ደሴ ሲገባ ታዴዎስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሌላ ሥራ ስላጡ ወደ ወደቡ ተመልሰው ከዚያ ደመወዝ ይልኩ ነበር። በግንቦት 1989 ዓ.ም. አቶ ገብረ ክርስቶስ አሰብ ላይ በድንገተኛ ሕመም አረፉ። ሙቀቱ አያቆይምና በማግሥቱ እዚያው ተቀበሩ። የደሴ ዘመዶች ግን ወሬውን ለሚስታቸው አልነገሩም። ልጇ አክሱማዊት ፈተና ላይ ናት፣ ተናኜ ደግሞ ድሮም ልቧ ስስ ነው፣ ትንሽ ይቆይ ተባለ። በዚያ መካከል ወ/ሮ ተናኜ ለባላቸው በርበሬ አስፈጭተው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ በሚሄድ መኪና ልከዋል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ገቡ።

ታዴዎስ ከሽማግሌዎቹ ቀድመው ከአጎታቸው ቤት ሰምተው ነበር። ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል ተብለው፣ ሐዘኑን በልባቸው ይዘው፣ ከእናታቸው ጋር ከአንድ ትሪ በልተዋል። የአባታቸው አርባ ሲወጣ እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው «እማ፣ ከእንግዲህ የሆነውን ሁሉ ከእኔ አፍ ትሰሚያለሽ፤ ሽማግሌ አልልክብሽም» አሏቸው። ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ይህን ቃል ያዙ። የንጋት በር መንኳኳት ግን ከዚያ ወዲህ ከልባቸው አልወጣም፤ ቶሮንቶ ከመጡም በኋላ ጎረቤት በጠዋት በሩን ቢነካ ወንበር ይዘው ነው የሚነሡት።

ኢንጂነር ታዴዎስ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴ አጠናቀው በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1998 ዓ.ም. በሲቪል ምሕንድስና ተመረቁ። በመጀመሪያ ሥራቸው አፋር ውስጥ በጎርፍ የወደቀ ድልድይ እንዲያዩ ተላኩ። የአካባቢው ሰው ውኃው ገፍቶ ጣለው ይል ነበር። እሳቸው ውኃው እስኪጎድል ጠብቀው ወደ ወንዙ ወረዱና ከምሰሶው ሥር ሰው ቆሞ የሚገባበት ጉድጓድ አገኙ። ውኃ ድልድይን ገፍቶ አይጥለውም፤ ከእግሩ ሥር አፈሩን ጥቂት ጥቂት ይወስድና ድልድዩ በራሱ ክብደት ይወድቃል እያሉ ያስረዱ ነበር። ከላይ የሚሄደው ሰው አስፋልቱ ደህና ስለሆነ ምንም አያውቅም። ሕይወታቸውን ያዋሉት ይህን ከላይ የማይታየውን ለማየት ነው።

በ2003 ዓ.ም. በባለሙያ ስደተኝነት ካናዳ ገብተው ቶሮንቶ ተቀመጡ። ዲግሪያቸው እስኪታወቅላቸው ድረስ ዳንፎርዝ አካባቢ የመኪና ማቆሚያ ጠብቀዋል፣ መጋዘን ውስጥ ሠርተዋል። በኋላ የውኃ ውስጥ ግንባታ ጠላቂነት ኮሌጅ ተማሩ። ይህን በስልክ ሲነግሯቸው እናታቸው በማግሥቱ ሱባኤ ገቡ። «እማ፣ ሴፍቲው ሌላ ነው፤ የአየር ቱቦ አለኝ፣ ስልክ ኮፍያዬ ውስጥ አለ፣ ላይ ሆኖ ገመዴን የሚይዝ ሰው አለ» ቢሏቸው፣ እናታቸው የመለሱት «ገመድ ያዡ ቢያስነጥሰውስ?» ብለው ነው። ገመድ ያዡ ቶሚ የሚባል የሥራ ባልደረባቸው ነበር፤ ይህን ከሰማ በኋላ ጉንፋን በያዘው ቁጥር «ለማማ እንዳትነግር» ይላቸው ነበር። የካናዳን የምሕንድስና ፈቃዳቸውን በ2008 ዓ.ም. አገኙ። ከዚያ በኋላም መሐንዲስ ሆነው ራሳቸው ይጠልቁ ነበር። በሌላ ሰው ዐይን የታየ ጉድጓድ ላይ አልፈርምም ይሉ ነበር።

በጥር 2006 ዓ.ም. ብሉር ላይ ካለ የአበሻ ሱቅ የተዋወቋቸውን የሕፃናት ማቆያ መምህርት ወ/ሮ እየሩሳሌምን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ልጆቻቸው ጸዮንና ብሩክ ይባላሉ፤ ቤቱ ሁሉ ብሩኪ ይለዋል። መኖሪያቸው ኤግሊንተን ዌስት ነበር። መንገዱ ለባቡር ሥራ ተቆፍሮ ዓመታት ሲቆይ «እኔ ባሕር ውስጥ ገብቼ ድልድይ አድሼ ስመለስ፣ እነዚህ ይቺኑ አጥር ከዚያ ወዲህ አዛውረዋት ይጠብቁኛል» እያሉ ቤተሰቡን ያስቁ ነበር።

እናታቸው በ2009 ዓ.ም. በስፖንሰር መጥተው ከልጃቸው ከአክሱማዊት ጋር ዳንፎርዝ አጠገብ መኖር ጀመሩ። ያን ጊዜ የኢንጂነር ታዴዎስ ሥራ በአብዛኛው ኒው ብራንስዊክ፣ በፈንዲ ሰላጤ ዳር ነበር። በዚያ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የሚንቀሳቀሰው ውኃ ቤት ያህል ከፍታ አለው። ወደ ወንዙ ገብቶ ይወጣል፣ ሲገባም ሲወጣም የድልድዩን እግር ይቦረቡራል። ጠላቂ የሚገባው ውኃው ሞልቶ ወይም ጎድሎ፣ ገና ወደ ሌላው አቅጣጫ ሳይዞር፣ ለአጭር ጊዜ ሲቆም ነው። ከዚያ ውጪ ማንም አይገባም። እናታቸው ውኃው መቼ እንደሚቆም ካላወቅሁ እንቅልፍ የለኝም ሲሉ፣ ልጃቸው ሥርዓቱን አስተማሯቸው፤ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሲመሽበት ወደ ጠዋቱ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ኢንጂነር ታዴዎስ ከውኃ በወጡ ቁጥር ልብሳቸውን ሳያወልቁ ኮል ያደርጉ ነበር። የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «ወጣሁ እማ።» ስልኩ አንድ ቀን በቁርስ፣ ሌላ ቀን በምሳ፣ እሑድ ሲሆን በቅዳሴ መካከል ይመጣል። የደብራችን እናቶች ወ/ሮ ተናኜ ስልክ ይዘው ወደ ደጀ ሰላሙ ሲወጡ ሲያዩ «ውኃው ቆመ ማለት ነው» ይባባሉ ነበር።

ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ የሚወዱት ሁለት መንደር የሚያገናኝ አንድ አሮጌ ድልድይ ነበር። ከእሳቸው በፊት ትላልቅ ድንጋይ ተጥሎበት ነበር፤ ውኃው ግን በድንጋዮቹ መካከል እየገባ አፈሩን መውሰዱን አላቆመም። ድልድዩ ይዘጋ ተብሎ ነበር፤ ቢዘጋ የመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት ረጅም መንገድ ዞረው ነው። ኢንጂነር ታዴዎስ ጉድጓዱን በእጃቸው ዳሰሱት። እዚያ ውኃ ውስጥ ጭቃው ዐይን አያሠራምና የሚሠራው በእጅ ነው። ጉድጓዱን በኮንክሪት ከረጢት ሞሉ፤ ዙሪያውን መጀመሪያ ጠጠር፣ በላዩ መካከለኛ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ትልቁን አነጠፉ። ትልቁ ድንጋይ ማዕበሉን ይመክታል፣ አፈሩን የሚይዘው ግን ጠጠሩ ነው ይሉ ነበር። ልጆቻቸውንም ወደ ሐይቁ ዳር ይዘው ሲሄዱ ይህንኑ ያጫውቷቸው ነበር። ብሩኪ ትልቅ ድንጋይ ብቻ ይወዳል፤ ጸዮን ግን ኪሷን ጠጠር ሞልታ ትመለሳለች።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቤተሰባቸውን ወስደው ድልድዩን አሳዩአቸው። ሲደርሱ ውኃው ጎድሎ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመው ነበር። እናታቸው ደንግጠው «ውኃው የት ሄደ?» አሉ። «ይመጣል እማ፤ እሱ መምጣቱን አይተውም።» ወ/ሮ ተናኜ ይወድቃል ብለው ድልድዩን አልረግጥም አሉ፤ ጥቂት ቆመው ግን የልጃቸውን ክንድ ያዙና እስከ መካከሉ ሄዱ። ከዚያም ወደ ታች ወደ ምሰሶው እግር እያዩ ከማንም በላይ እዚያ የቆዩት እሳቸው ነበሩ።

ኢንጂነር ታዴዎስ ቸኩለው የማይናገሩ፣ የተጣላን ሰው ሳያስታርቁ የማይበሉ ነበሩ። የደብራችን ምድር ቤት ውኃ በገባበት ጊዜ የበዓል ልብሳቸውን አውልቀው ገብተው፣ ጉድለቱን አግኝተው የወጡት እሳቸው ናቸው። አዲስ ለመጡ መሐንዲሶችም የፈቃዱን ፈተና ቤታቸው አስቀምጠው አስጠንተዋል።

በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ሰውነታቸው እየቀነሰ መጣ። የቆሽት ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው። ለእናታቸው ጨጓራ ነው አሉ። ክረምቱን በሕክምና አሳለፉና በመስከረም 2018 ዓ.ም. መሃል ቶሮንቶ ካለ ሆስፒታል ተኙ። ወ/ሮ እየሩሳሌም «እማማ ይወቁ፤ በኋላ አይምሩንም» ብለው ለምነዋቸው ነበር። እሳቸው ግን «ካወቀች ከእኔ በፊት ትሄዳለች። ያኔ በአጎቴ ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ገባኝ» አሉ። ስለዚህ ለእናታቸው ታዴዎስ ለመጸው ሥራ ወደ ባሕር ሄደዋል ተባለ። አክሱማዊትም ይህንኑ አለች። ኢንጂነር ታዴዎስ በየምሽቱ ከአልጋቸው ሆነው ደውለው «ወጣሁ እማ፤ ውኃው በርዷል» ይሏቸው ነበር።

እናታቸው በዚያ ሰሞን ለማዕበሉ ሲጸልዩ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር መስኮት ሲዘጉ ሰነበቱ። በየእሑዱ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚያልፉት ልጃቸው ከተኙበት ሕንፃ አጠገብ ነበር። ነገር ግን ስልኩ ትናንትም ዛሬም የሚመጣው በራት ሰዓት ሆነ። አንድ ሳምንት ይህ አልተለወጠም። ወ/ሮ ተናኜ በመጀመሪያ ያሰቡት ልጄ ሞቷል፣ ድምፁን ቀድተው ነው የሚያሰሙኝ ብለው ነበር። በማግሥቱ ምሽት «ዛሬ ውኃው መቼ ቆመ?» ብለው ጠየቋቸው። «አሁን ነዋ እማ፤ አሁን መውጣቴ ነው» አሏቸው። እናታቸው ደህና እደር ብለው ስልኩን ዘጉና ወደ አክሱማዊት ዞሩ።

«ወንድምሽ ባሕር ዳር የለም። የት ነው ያለው?»

«እማ ደሞ ጀመረሽ።»

«ባሕር በየቀኑ በዚያው ሰዓት አይቆምም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ራት የሚያበላ ሆስፒታል ነው።»

አክሱማዊት ያኔ አለቀሰች፤ ሁሉንም ነገረቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ወ/ሮ ተናኜ ባቡሩን ይዘው ሄዱ። ፌርማታው ሩቅ አልነበረም። ወደ ክፍሉ ሲገቡ ኢንጂነር ታዴዎስ ቀና ብለው «ማን ነገረሽ?» አሏቸው። «ባሕሩ» አሉ እናታቸው። ልጃቸው ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ፤ ነርሷ ምን ሆኑ ብላ እስክትመጣ ሳቁ፤ ከዚያ እያለቀሱ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምሩ እናታቸው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡላቸውና «ዝም በል፣ ብርድ ይገባሃል» አሏቸው። ከዚያ «አሁን የሆነውን ንገረኝ፤ ቃልህ እንደዚያ ነበር» አሉ። ኢንጂነር ታዴዎስም ሐኪሞቹ ያሏቸውን ምንም ሳይቀንሱ፣ ወሩን ላያወጡት እንደሚችሉ ጭምር፣ ለእናታቸው በራሳቸው አፍ ነገሯቸው።

ዕድሜ ልካቸውን ክፉውን ሲጠብቁ የኖሩት እናት ክፉው ሲመጣ አልወደቁም። እንደ ጠሩት ዘመድ አስገቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጃቸው አልጋ አልተለዩም። ቶሚ ከሥራ ቦታ ሊጠይቃቸው መጥቶ የመጸው ማዕበል ከባድ እንደነበረ፣ የድልድዩ እግር ግን አንዲት ድንጋይ እንዳላጣ ነገራቸው። የድልድዩን የመሠረት ፎቶ በስልኩ አሳያቸው። ፎቶው ጭቃ ብቻ ነበር። ኢንጂነር ታዴዎስ ግን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ቀጥሎም ለእናታቸው አቀበሏቸው።

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ ኢንጂነር ታዴዎስ በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በሩን ያንኳኳ ሽማግሌ አልነበረም። እናታቸው እዚያው ነበሩ፤ ዐይናቸውንም የከደኑት በእጃቸው ነው።

እንደ ልማዱ ልጆቹ ጎረቤት ይደሩ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራቸው ያሉ ወዳጆች ነበሩ። ወ/ሮ ተናኜ አልተቀበሉም። ኤግሊንተን ደርሰው ጸዮንንና ብሩኪን በግራና በቀኝ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ይዘው፣ አባታቸው ማረፋቸውን በፀሐይ ብርሃን ነገሯቸው። ብሩኪ «አያቴ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ?» ብሎ ጠየቀ። ነበርኩ አሉት። ጸዮን ተነሥታ ከሐይቁ ዳር የሰበሰበችውን ጠጠር ይዛ መጣች። ዛሬ ከአፈሩ በፊት ወደ መቃብሩ የሚገባው እሱ ነው።

ኢንጂነር ታዴዎስ ባለቤታቸውን ወ/ሮ እየሩሳሌምን፣ ልጆቻቸውን ጸዮንና ብሩክን፣ እናታቸውን ወ/ሮ ተናኜ ይመርን፣ እህታቸውን አክሱማዊትን፣ ገመዳቸውን ለዓመታት ሳይለቅ የያዘውን ቶሚን፣ በቶሮንቶ፣ በደሴና በሌላም ሀገር ያሉ ዘመድ ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችሁን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለደብራችን ካህናት፣ ለዕድራችን አባላት፣ ይህን ብርድ ችላችሁ ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል፤ እንዲህ ያለ መቆም በቤታችሁ አይድገም።

ባሕርን ከፍሎ ሕዝቡን በደረቅ ያሻገረ አምላክ ልጁን ታዴዎስን ሞገድ በማይደርስበት ማዶ ያኑርልን። ባልና አባት ላጡት ቤት መሠረት ይሁን፤ ለልጆቻቸው እግር ሥር ያለውን አፈር ይጠብቅልን። የዚያንም ሀገር ነገር፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው ቃል እንደገቡት፣ እናታቸው ከራሳቸው አፍ የሚሰሙበትን ቀን ያምጣልን። አሜን።